ከስሟ ቀጥሎ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ ከዘንባባው ጥላ ሥር፣
ጋሽ ተገኘ ታይፕ ይመታል፣ እግሩ በተሰበረ ወንበር።
መነጽሩን በክር አስሮ፣ ቀና ብሎ አየኝና፣
«ስም ከነአባት» አለኝ፣ ወረቀቱን አቀናና።

«ስሜነህ። ስሜነህ ውበቱ።
የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነኝ፤ ወደቡ ያውቀኛል ከጥንቱ።»
«የልጅህስ?»
«ኤፍራታ።»
«ኤፍራታ ማን?»
ዝም አልኩ።

ቀበሌ ሄጄ አይቻለሁ፤ መዝገቡ ኤፍራታ ጌጡ ይላል፣
ጌጡ የናቷ አባት ነው፤ ስሙ በስሜ ቦታ ተተክሏል።
አባቴ «ስሜ ነህ» ብሎ ነበር ይሄን ስም ያወጣልኝ፣
እኔስ የማን ስም ልሁን፣ ልጄ በሌላ ስትጠራብኝ?

ሽምብጥ፣ ወይዘሮ ደብሬ ግቢ፣ ሦስት ዓመት ባንድ ክፍል ኖረናል፣
«ከመስቀል በኋላ»፣ «ከፋሲካ በኋላ» እያልን ሳንጋባ ቀርተናል።
ጥፋቱ የኔም ነው። ይሄን ጋሽ ተገኘ አልጻፈውም፤
«ኑዛዜ ለንስሐ አባትህ» አለኝ። እኔ ግን አልዘለውም፦
ለሰው ሞተር ሌሊት እነሳ ነበር፤ ለልጄ ለቅሶ ግን ተኛሁ፣
ባንችአምላክ አቅፋት ስትዞር፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፣ እንዳልሰማሁ።

ባንድ ሰኔ ማለዳ አዝላት፣ ሐሙሲት አባቷ ቤት ገባች።
በሩ ላይ ስቆም «ምኗ ነህ?» አሉኝ።
አፌ ላይ የነበረች መልስ ጠፋች።

ሦስት ሽማግሌ ላክሁ፤ ጠላ ቀምሰው ተመለሱ፣
«አባት ከሆነ ወረቀት ያምጣ» የሚል ቃል ይዘው ደረሱ።

ጋሽ ተገኘ ታይፑን ገፋ፤ ጣቱን አጥፎ ቆጠረልኝ፦
«‹ልጄ ናት› ብለህ ትቀበላለህ፤ ግን አይበቃም፣ ልብ በልልኝ፤
እናትየዋም ‹እውነቱን ነው› ትበል። ቃሏ የሌለበት ቃልህ፣
ሞተር የሌለው ጀልባ ነው፤ እዳር ነው የሚያንሳፍፍህ።
እምቢ ካለች ምስክር ጥራ፤ እንደ ባልና ሚስት መኖራችሁን ያየ፣
ባንድ ገመድ ልብስ ማስጣታችሁን የለየ።
እሱም ካልሆነ ደም አለ፤ ሐኪም ይመረምራል፤ ዋጋው ግን…»
እጄን አየ። የጥቁር ዘይት እጄን።
ነገሩን ሳይጨርስ ተወው።
«ከዚያ ወዲያ ነው ልጅቱን የማየት መብት፤ እሁድ ግማሽ ቀን፣ ከፈቀዱ፤
ቀለብም ትቆርጣለህ፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱ።»

ልፈርም ወረቀቱን ስይዝ፣ አውራ ጣቴ ጥግ ላይ ታተመ፣
«ተወው» አለኝ፣ «ከፊርማህ ይልቅ እሱ ነው ላንተ የቆመ።»

ክረምት ገባ። ፍርድ ቤቱ ተዘጋ። ጣና ሞልቶ ደንገሉን ዋጠ።
እኔ ከወደቡ አልራቅሁም፤ ሥራው ግን እጄ ላይ ቀለጠ።
እንቦጭ ያነቀው ሞተር ሲያለቅስ፣ ከሩቅ ድምፁን እለያለሁ፤
የልጄን ድምፅ ግን ዛሬ ቢያሰሙኝ፣
እለያለሁ?

በጥቅምት ቀጠሮ ወይዘሮ ደብሬ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች፣
«ልጅቱን ያጠብኳት እኔ፣ ስም ያወጣላት እሱ» ብላ ማለች።
ዳኛዋ ወደ ባንችአምላክ ዞሩ። «ልጅቱ የሱ ናት?»
ዝም አለች። ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ፣ ደገመ።
«እሷ የሱ ናት» አለች።
«እሱ ግን የሷ አልነበረም።»
ጸሐፊው ሁለቱንም ጻፈው። እኔም አልተቃወምኩም።

ኮሪደሩ ላይ፣ ያያቷን ጣት ይዛ፣ ከታች ወደ ላይ አየችኝ፣
«ማነህ?» አለችኝ።
«አባትሽ» እንዳልል ብይን የለኝም።
ተንበረከክሁ፣ ስሜን ብቻ ነገርኳት።
እንደ ከረሜላ አፏ ውስጥ አዞረችው፣ ለሁለት ሰበረችው፦
«ስሜ… ነህ?»

አቶ ጌጡ እጇን ሳብ አደረጉ። ባጃጁ ውጭ ይጠብቃል።
ኅዳር ሃያ ሁለት፣ ሦስት ሰዓት፣
ችሎት ቁጥር ሁለት ይላል።